ለሚዛን የጾምኩት ጾም

ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። አራተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ ተዳርኩ። ስለዚህ ስለ ክብደትና ስለ ጡንቻ የምለውን ሁሉ የተማርኩት ከአንድ ዳገት ነው ብል ይቀላል። ዳገቱ ከእኛ መንደር ተነስቶ ከዘመሮ ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው ጥርጊያ መንገድ ላይ ያወጣል። ደህና እግር ያለው ሰው ጠዋት ቢነሳ ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ ይደርሳል። እኔም በዚያን ጊዜ ደህና እግር ያለኝ መስሎኝ ነበር።

ዘመኑ ጤና ኤክስቴንሽን የሚባሉት ልጆች ወደየቀበሌው መምጣት የጀመሩበት ነው። ወፍራም ሴት ነበርኩ። ውፍረቴ ያሳፍረኝ ነበር ብል ዋሸሁ። በእኛ አገር «ወፍረሻል» ማለት «ቤትሽ ሞልቷል» ማለት ነው። ወፍጮ መንደራችን አጠገብ ከተተከለ ወዲህ በእጅ መፍጨት ትቻለሁ። ውሃውን ልጆቼ ይቀዳሉ። እኔ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ የበግ ጠጉር እፈትላለሁ፤ ባሌ ዝተት የሚባለውን የጠጉር ልብስ አሠርቶ ገበያ ያወጣዋል። መነሳት ስለሚከብደኝ አልነሳም፤ ስለማልነሳም መነሳቱ ይብስ ይከብደኝ ነበር።

ታላቅ እህቴ የወደቀችው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ወድቃ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ አላት። ደም ግፊት ነው አሉ። ሄጄ ሳያት አፏ ወደ ጎን ተጣሞ፣ ልታወራኝ እየሞከረች እንባዋ ይወርዳል። እኔ ደግሞ ከዱሮም ፈሪ ነኝ። ልጅ ሲያስነጥሰው መቃብር የሚታየኝ ዓይነት ሰው ነኝ። በማግስቱ መሐል ሜዳ ከተማ ሄጄ ግፊቴን ተለካሁ።

«የእርስዎም ግፊት ከፍ ብሏል፣ እናቴ» አለኝ ወጣቱ ሐኪም። «ክብደት ይቀንሱ፣ ጨው ይቀንሱ፣ ሰውነትዎንም ያሠሩት።»

ካለኝ ሁሉ ክብደት ይቀንሱ የምትለዋን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ሰውነትን ማሠራት የሚባለው የከተማ ሥራ ፈት ነገር መሰለኝ። እዚያው ገበያ ውስጥ ገብስ የሚገዛ የአገራችን ሰው ስለነበር ጆንያ የሚመዝንበት ሚዛን ላይ ወጥቼ ቆምኩለት።

«ምነው ወርቄ፣ ልትሸጪ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። «ገና ኩንታል እንኳ አልሞላሽም፣ ምን አስቸኮለሽ?»

ሁዳዴ ሊገባ ነበር። መቀነስን ከጾም በላይ ማን ያውቃል አልኩ። ሌላው ሰው ከቅዳሴ በኋላ እንጀራውን በሽሮ፣ በምስር፣ በባቄላ ሲበላ እኔ የእጅ ሙሉ ቆሎ በውሃ አወራርጄ እተኛለሁ። ሥራም ቀነስኩ፤ የራበው ሰው ያርፍ እንጂ ምን ያደርጋል? ገበያ በሄድኩ ቁጥር ሚዛኑ ላይ እወጣለሁ፤ ሚዛኑ ሲወርድ ከእህቴ አልጋ አንድ ክንድ የራቅሁ ይመስለኛል።

በስቅለት ዕለት ስግደት ላይ አንድ ነገር ታይቶኝ ነበር፤ አላስተዋልኩትም። እኩሌታው ላይ ስንደርስ ወድቄ መነሳት አቃተኝ። መዳፎቼን መሬት ላይ ተክዬ እንደ ተንበረከክሁ ቀረሁ። ከጎኔ አማቴ እማማ ዘነበች ይሰግዳሉ። ለእኔ እናት የሚሆኑ፣ ከእኔም የሚወፍሩ ሴት ናቸው። እሳቸው ይወድቃሉ ይነሳሉ፣ ይወድቃሉ ይነሳሉ። «ጾሙ ጎድቶኝ ነው» አልኩ በልቤ። ስለ ጾሙ ደስ አለኝ እንጂ አልደነገጥኩም።

ፋሲካ ሆነ። እንደምታውቁት በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። እኔ ግን ሚዛኑ ተመልሶ እንዳይወጣ በስውር ቀጠልኩ። ገበታ ሲቀርብ ለልጆቹ አጎርሳለሁ፤ እነሱ ሲጠግቡ «እኔም በላሁ» ብዬ እነሳለሁ። ማንም ልብ አላለም እል ነበር። ሁሉም ልብ ብሎ ነበር። በዚያ ዘመን መክሳት ሌላ ስም ነበረው። ደህና የነበረ ሰው ሳይታመም ከከሳ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ጎረቤቴ ደብሪቱ አንድ ቀን ክንዴን በሁለት ጣቷ ከበበችና፣ «ወርቄ፣ ለኔ እንኳ አትነግሪኝም?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ተይው» ብላ ክንዴን ለቀቀችው።

የመጀመሪያ ልጄ አበባ በኩር ልጇን ልትወልድ እኔ ዘንድ መጥታ ነበር። ደንቡ ነው፤ የመጀመሪያው በእናት ቤት ነው። መውለጃዋ የደረሰው ጓሳ የሚባለው የጋራ ሜዳችን ለሣር አጨዳ በተከፈተበት ሰሞን ነው። የጓሳን ሣር ማንም እንደ ፈለገ አያጭደውም፤ ተከልክሎ ይቆያል፤ በሽማግሌ ቃል ሲከፈት ግን ከየቤቱ እጁ ማጭድ የሚይዝ ወንድ ሁሉ ይወጣል፤ እዚያው እያደረ ለቤት ክዳኑም ለሽያጩም ያጭዳል። ያልወጣ ቤት ያንን ሣር በዓመቱም አያገኘው። ባሌም፣ የአበባ ባልም፣ የደብሪቱ ባልም ወጡ። መንደራችን ጥቂት ቤት ናት። ሴቶችና ሕፃናት፣ ንስሐ አባታችን አባ ተክሌም ቀረን።

ምጡ በዋዜማው ጀመረ። ጎህ ሲቀድ አልገፋም። ጤና ኤክስቴንሽኗ ትዕግሥት ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጎን ታድር ስለነበር ደብሪቱ ሮጣ ጠራቻት። ልጅቷ ገና ጉንጯ ላይ የተማሪነት ወዝ ያልጠፋ ናት፤ እጇን ታጥባ ገባች፤ አበባ ሆድ ላይ ያንን ቀንድ የሚመስል ማድመጫ አስቀምጣ ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ከዚያ በዓይኗ ወደ ውጭ ጠራችኝ።

«እትዬ ወርቄ፣ የልጁ የልብ ትርታ እየዘገየብኝ ነው። እዚህ መቆየት የለባትም። መሐል ሜዳ መድረስ አለባት።»

«ወንዶቹ ጓሳ ናቸው» አልኩ። «ማን ይሸከማታል?»

እማማ ዘነበች ከውስጥ ሰምተው ኖሮ በር ላይ ብቅ አሉ። «ቃሬዛውም አብሮ ጓሳ ሄደ?»

«እሱስ አባ ተክሌ ቤት ነው።»

«እንግዲያው ምን ያስቆመናል?»

ደብሪቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «እማማ፣ ሴት ቃሬዛ ስትሸከም የት ታይቷል?»

«ዛሬ ይታያል» አሉና መቀነታቸውን ፈትተው እንደገና ጠበቅ አድርገው ታጠቁ።

በእኛ አገር ቃሬዛ የወንድ ነው። ወንዶቹ በማኅበር ተሳስረው በሽተኛ ያወጣሉ፤ እየተቀባበሉ ዳገቱን ይጨርሱታል። ሴት ከኋላ ተከትላ «ማርያም ማርያም» ትላለች እንጂ ትከሻዋን አታስገባም። አባ ተክሌ ግን ቃሬዛውን ራሳቸው እየጎተቱ መጡ። «እመቤታችን ወደ ግብጽ ስትሰደድ ልጇን ማን አዘለላት?» አሉ። «በሉ አንሱ።»

ታናናሾቹን ልጆች አራስ የነበረች ጎረቤት ዘንድ ተውን። አበባን የጠጉር ባና አንጥፈን አስተኛናት፤ በሌላ ባና ሸፈንናት፤ ዳሌዋ ላይ በጠፍር አሰርናት። አባ ተክሌ ቦታ አደሉን። «ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ነው የሚመጣ። የበረታ ወደ ኋላ።» እማማ ዘነበችና ደብሪቱ ኋላውን ያዙ። ትዕግሥት ከፊት በግራ፣ እኔ ከፊት በቀኝ። ቀላሉ ወገን የእኔ ነበር። የልጄ ራስ ከእኔ ትከሻ አንድ ስንዝር ነው፤ ስትተነፍስ እሰማታለሁ።

ጉም ነበር። ፊት ለፊታችን ያለው ጅባራ የሚባለው ረጅም ተክል እንኳ የሚታየው አጠገቡ ስንደርስ ነው። የበልጉ ዝናብ መንገዱን አለስልሶታል፤ እግር ሲነሳ ጭቃው ይዞ ይስበዋል። መጀመሪያ ላይ ደህና ሄድን። ደብሪቱ ከኋላ፣ «አበባ፣ ልጅሽ ሲያድግ ቃሬዛ አሸካሚ ነበር እንለዋለን!» እያለች ታስቃታለች። አበባ ምጡ ሲለቃት ትስቃለች፤ ሲመጣ የቃሬዛውን እንጨት በእጇ ትጨብጣለች፤ ጭብጧ በእንጨቱ አልፎ ትከሻዬ ድረስ ይሰማኛል።

የዳገቱን ወገብ ስናልፍ እግሬ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሕመም አልነበረም። ሕመም ቢሆን አውቀዋለሁ፤ ከጉልበት ሕመም ጋር ዓመታት ኖሬያለሁ። ታፋዬ ውስጥ ምንም የሌለ መሰለኝ። እግሬን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ ስቆምበት ግን የሚይዘኝ የለም። «ትንሽ እንረፍ» ልል ነበር። አፈርኩ። የገዛ ልጄን ተሸክሜ፣ ቀላሉን ወገን ይዤ፣ እንዴት እረፍት እጠይቃለሁ? ማርያምን እየጠራሁ ሄድኩ። አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ወጥቼ ሌላውን እግሬን ሳስከትል ጉልበቴ ታጠፈ፤ አልተመለሰም።

እንጨቱ ከትከሻዬ ሸሸ። ቃሬዛው በእኔ በኩል ዘመመ፤ አበባ ከነባናው ከመንገዱ ዳር ወዳለው ገደል ጠርዝ ተንሸራተተች። ትዕግሥት ጮኸች። «ያዙ!» የሚል የእማማ ዘነበች ድምፅ ከኋላ ሰማሁ። ዞር ስል አየኋቸው፤ እንጨቱን ከትከሻቸው አውርደው በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቁጢጥ ብለዋል፤ ከፊት የወረደውን ያህል ከኋላም አውርደው ቃሬዛውን ደልደል አድርገው ይዘውታል። እንዲያ እንደ ተቀመጡ፣ ያንን ሁሉ ክብደት ይዘው፣ ቀስ ብለው መሬት አስነኩት። ጠፍሩ ልጄን አልለቀቃትም ነበር።

እኔ ጭቃው ላይ ተቀምጫለሁ። አበባ አልጮኸችም፤ አንገቷን አዙራ አየችኝ።

«እማዬ» አለች፣ «ሰዉ የሚለው እውነት ነው?»

«ምን አለ ሰው?»

«ታመሻል አሉ። ያን... ያን በሽታ። እውነቱን ንገሪኝ። እኔ ብሞት ልጄን ላንቺ ነው የምተወው፤ አንቺም ከሆንሽ ለማን ልተወው?»

ደብሪቱ ፊቷን ወደ ጉሙ አዞረች።

«አልታመምኩም» አልኩ። «በማርያም አልታመምኩም። እየጾምኩ ነው።»

አባ ተክሌ ጥላቸውን ተደግፈው ነበር። «በሃምሳው?» አሉ። «በሃምሳው ማን ፈቀደልሽ?»

«ሐኪሙ ክብደት ቀንሺ ብሎኝ ነው፣ አባ። እንደ እህቴ እንዳልወድቅ ብዬ። ሚዛን ላይ...»

እሳቸው ረጅም ጊዜ አዩኝ። «ወርቄ፣ ለእግዚአብሔር የሚጾም አውቃለሁ። ለሰው ዓይን የሚጾምም አውቃለሁ። ለሚዛን የሚጾም ግን ዛሬ ገና አየሁ።»

ደብሪቱ ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት። «እኔ ደግሞ ይኸው ከፋሲካ ጀምሮ ተዝካርሽን ሳስብ! ለሚዛን ኖሯል!» አለችና ከመቀነቷ ጭብጦ ፈታች፤ ለመንገድ የቋጠረችው የበሶ ጭብጦ ነው። «ዋጪ!»

ይህን ሳስበው እስካሁን ይገርመኛል። ልጄ ምጥ ላይ ናት፣ ዳገቱ ግማሽ ይቀራል፣ እኔ ጭብጦውን ይዤ አመነታሁ። ሚዛኑ ታየኝ። አበባ ምጡ መጥቶባት እንጨቱን ስትጨብጥ ነው አፌ ውስጥ የከተትኩት።

«አሁን ልሸከም» ብዬ ልነሳ ስል እማማ ዘነበች እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጫኑ። በቁጣ ግን አልነበረም። «አንድ ጭብጦ እግር አይሆንም፣ ልጄ። ከኋላ ተከተይ።»

«ታዲያ ማን?»

አባ ተክሌ መስቀላቸውንና ጥላቸውን ሰጡኝ። «ታቦት የተሸከመ ራስ፣ ትከሻ አያንሰውም» ብለው የእኔን ቦታ ገቡ። እንደ ሸንበቆ የቀጠኑ ሽማግሌ ናቸው። እንጨቱ ትከሻቸው ላይ ሲያርፍ ወገባቸው እንኳ አልተወዛወዘም።

የቀረውን ዳገት የወጣሁት የአባ ተክሌን ጥላ ተመርኩዤ ነው። ልጄን የሰው ትከሻ ላይ አድርጌ ባዶ እጄን ከኋላ መሄድ ምን እንደሚመስል ለጠላቴም አልመኝም። ፊት ለፊቴ የእማማ ዘነበች እግር አለ። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ታጥቀውታል፤ ባታቸው ጭቃውን በረገጡ ቁጥር እንደ ገመድ ይከርራል። ሳየው ሳየው አንድ ነገር ገባኝ። እኒህ ሴት ወፍራም ናቸው። ሚዛን ላይ ቢቆሙ ከከሳሁት ከእኔ ይልቅ ይመዝናሉ። ግን «የወፍጮ ዱቄት ይሸተኛል» ብለው እስከ ዛሬ በእጃቸው ይፈጫሉ፤ ውሃቸውን ራሳቸው ያዝላሉ፤ ማገዶ የሚያቀርብላቸው የለም። እኔ የተውኩትን ሁሉ እሳቸው አልተዉም።

ከላይ ስንደርስ አበባ ዝም ብላ ነበር። ዝምታዋ ከጩኸት ይልቅ አስፈራኝ። ትዕግሥት ቃሬዛው እንደ ተቀመጠ ማድመጫዋን አውጥታ ሆዷ ላይ ተደፋች። «አለ» አለች። «ደካማ ነው፣ ግን አለ።»

የገበያ ቀን አልነበረም። መንገዱ ጭር ብሏል። ቆምን። ጉሙ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሁለት ጊዜ መኪና የሰማን መስሎን ነፋስ ሆነብን። በመጨረሻ እውነተኛው መጣ፤ በግ የጫነ የጭነት መኪና። ደብሪቱ መንገዱ መሀል ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች።

ሾፌሩ አንገቱን አወጣ። «እናንተ ሴቶች፣ እኔ የጫንኩት በግ ነው! የት ላድርጋችሁ?» አለ። ከዚያ ቃሬዛውን አየ። «ውይ! ማርያም ትፍታሽ እህቴ!» ብሎ ፍሬን ሳያስተካክል ዘለለ። ረዳቱ በጎቹን ወደ አንድ ጥግ ገፋ፤ ቃሬዛውን ከነልጄ ላይ አወጡት። እማማ ዘነበች፣ ትዕግሥትና እኔ ከበጎቹ መሀል ተቀመጥን። አባ ተክሌና ደብሪቱ ቦታ ስላልነበራቸው መንገዱ ላይ ቀሩ፤ አባ መስቀላቸውንና ጥላቸውን ተቀብለውኝ ጉሙ እስኪጋርዳቸው ሲያማትቡብን አየኋቸው።

እጄ ማረፊያ ሲፈልግ አንድ በግ ጀርባ ላይ አረፈ። በልማድ ወገቡን ዳበስኩት። አጥንት ብቻ ነበር።

መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ ደጅ ያለው አግዳሚ ላይ ቆየን። እማማ ዘነበች እጄን ይዘዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከውስጥ የሚሰማው የብረት ዕቃ ድምፅ ነው። አንዴ አበባ ጮኸች። ከዚያ ምንም። ያ «ምንም» እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ ቀጭን፣ የተቆጣ፣ እንደ ድመት ግልገል ያለ ድምፅ መጣ።

ትዕግሥት በሩን ከፍታ፣ «ሴት ናት! ሁለቱም ደህና ናቸው!» አለች።

እልል ልል ተነሳሁ። ዓለሙ ጠቆረ።

ስነቃ አንዲት ፀጉሯን የሸፈነች ነርስ አጠገቤ ተቀምጣ ግፊቴን እየለካች ነበር። ሲስተር ይሏታል። ጠየቀችኝ፤ እኔም ሁሉንም ነገርኳት። ሰዉ የሚያማኝንም ነገርኳት። «ከፈቀዱ ደምዎን እንይ፣ እርስዎም ልጅዎም እፎይ ትላላችሁ» አለች። ፈቀድኩ። ነፃ ነበርኩ። ከዚያ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦

«እናቴ፣ እርስዎ የመንዝ ሰው ነዎት። በግ ሲገዙ የቱን ይዳብሳሉ?»

«ወገቡን» አልኩ። «ላትማ ያታልላል።»

«ለምን ወገቡን?»

«ሥጋው እዚያ ነዋ። በጋ የጎዳው በግ ላቱም ይቀንሳል፣ የወገቡና የታፋው ሥጋም አብሮ ይሄዳል።»

«እርስዎም እንዲያ ነው የሆኑት» አለች። «ክብደት መቀነስዎ ክፉ አልነበረም፤ ግፊትዎ ወርዷል። ግን ሚዛን ስቡ ሄደ ሥጋው ሄደ አይልም፤ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚናገር። ሰውነት ምግብ ሲያጥረው ከስቡ ይበላል፤ ጡንቻውም ሥራ ከፈታ ከጡንቻው ይበላል። ሥራ ያለውን ጡንቻ ግን ቶሎ አይነካውም።»

«ጉልበቴን ያመኛል እኮ፣ ሲስተር። እንዴት ላሠራው?»

«ጉልበትን ደግፎ የሚይዘው ታፋ ነው። ታፋው ሲላላ ሸክሙ ሁሉ መገጣጠሚያው ላይ ይወድቃል። ከበርጩማ ተነስቶ ከመቀመጥ ይጀምሩ፤ ያም ሲቀልዎ ትንሽ ነገር ይያዙ፤ ያም ሲቀልዎ ከበድ ያለ። ሁልጊዜ ትንሽ ይጨምሩ እንጂ በአንድ ቀን አይዝለሉ። በየመሀሉ ደግሞ ያርፉ፤ ጡንቻ የሚጠገነው በዕረፍት ነው። በፍስኩ እንቁላልና ወተት፣ በጾሙ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽሮ አይጉደልብዎ። ጠግበው ሳይጨነቁ፣ ተርበውም ሳይወድቁ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚቀነስ።»

ይኸው ነው። ወጣቱ ሐኪም «ሰውነትዎን ያሠሩት» ብሎ በአንድ ቃል የነገረኝን፣ እኔ የከተማ ነገር ብዬ በሩ ላይ ጥዬው ወጥቼ ነበር።

ቤቴ እንደገባሁ በርጩማዬን ያዝኩ። መጀመሪያ እጄን ግድግዳ ላይ ሳልደግፍ መነሳት አልቻልኩም። ቆይቶ ቻልኩ። ከዚያ ድንጋይ በቅርጫት ማንሳት ጀመርኩ፤ ከደጅ ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ደጅ። ደብሪቱ አየችኝና ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«አንቺ ሴት፣ ያንኑ ድንጋይ ታመላልሺዋለሽ? ቢያንስ ካቢበት!»

እውነቷን ነው አልኩ። ካብኩበት። የበጎቻችን ጉረኖ ካብ የእኔ ሥራ ነው፤ ታች ያሉት ድንጋዮች ትንንሽ፣ ወደ ላይ ሲሄዱ ትልልቅ ስለሆኑ ያየው ሰው ሁሉ «ምን ዓይነት ግንበኛ ነው ገልብጦ የካበው?» ይላል። በሁለተኛው ክረምት ግማሹ ፈርሶ ደግሜ ካብኩት። አልከፋኝም፤ ድንጋዩን ዳግመኛ ለማንሳት ምክንያት ሆነኝ። ወፍጮ እንዳለ ቢሆንም የበሶዬን ገብስ ከአማቴ ጋር በእጄ መፍጨት ጀመርኩ። ሲጀመር ሁለት ቀን ክንዴን አንስቼ ማተቤን ማሰር አልቻልኩም ነበር።

መሐል ሜዳ ያ ገብስ ነጋዴ አንድ ቀን ሚዛኑ ላይ አቆመኝና፣ «ወርቄ፣ ተመልሰሽ ጨመርሽ እኮ!» አለኝ በሐዘን። እኔ መቀነቴን አሳየሁት። ዱሮ ጫፉ እንደ ምንም የሚቋጠረው መቀነት አሁን ወገቤን ደግሞ ይዞርና ይተርፋል። ግራ ገብቶት ሚዛኑን በእግሩ መታ መታ አደረገው።

ንስሐ አባቴም ቀኖና አልሰጡኝም። «ዳገቱ ሰጥቶሻል» አሉኝ። «ከእንግዲህ ስትጾሚ ለነፍስሽ ጹሚ፤ ለሥጋሽ ደግሞ ሥራ ስጪው።» ይኸው እስከ ዛሬ ሁዳዴን እጾማለሁ፤ ከቅዳሴ በኋላ ግን ባቄላዬን እበላለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ እናቶች፣ እንደ እኔ ፈሪ ከሆናችሁ አውቃችኋለሁ። ፈሪ ሰው ከሚነገረው ሁሉ የሚያስፈራውን ብቻ ይሰማል። እኔ መወፈር ገዳይ ነው ሲሉኝ ሰማሁ፤ መድከም ምን እንደሚያደርግ ግን የነገረኝ አልነበረም፤ ቢነግሩኝም አልሰማሁም። ሐኪማችሁ ቀንሱ ካላችሁ ቀንሱ። ግን በቀነሳችሁ ቁጥር አንድ ነገር አንሱ፤ ከምትቀመጡበት ደግሞ እጃችሁን ሳትደገፉ ተነሱ። የመነሳታችሁን ነገር ከሚዛኑ ቁጥር ይልቅ እመኑት። ሰው የሚፈልገን ስንቀጥን አይደለም፤ የሚሸከም ሲጠፋ ነው።

ዳገት ላይ የተወለደች ያህል የምንቆጥራት የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ፣ አንድ በጋ እማማ ዘነበች ጓሮ ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸውን ተጎዱ። ያን ቀን ወንዶቹ ሁሉ ነበሩ። ቃሬዛው መጣ፤ ባናው ተነጠፈ። እኔ ነጠላዬን አሸርጬ ወደ ኋላው እንጨት ሄድኩ። ወንዶቹ ተያዩ፤ ባሌ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ደብሪቱ ከበር ላይ፣ «ቦታዋን ልቀቁላት! ግንበኛ ናት እኮ!» አለች።

ጎንበስ ብዬ እንጨቱን ስይዝ እማማ ዘነበች ከቃሬዛው ላይ አንገታቸውን ዞር አደረጉ። ፊታቸው በሕመም ነጥቷል፤ ዓይናቸው ግን ያው ዓይናቸው ነው።

«ማነው ኋላውን የያዘው?»

«እኔ ነኝ እማማ። ወርቄ።»

«በልተሻል?»

«በልቻለሁ እማማ።»

«እንግዲያው» አሉ፣ «አንሱኝ።»